ከሐዲዱ ጎን ያለችው ቀጭን መንገድ

ጅቡቲ አገር፣ ከሆልሆል ወዲህ፣ አሮጌው የምድር ባቡር መስመር ጥቁሩን ኮረብታ ታክኮ በሚዞርበት ቦታ፣ ከሐዲዱ ጎን አንዲት ቀጭን መንገድ አለች። ስፋቷ ሁለት እግር ጎን ለጎን ቢቆም አይተርፈውም። ዙሪያዋ ሁሉ ስለታም ድንጋይ ነው፤ እሷ ግን በእግር ብዛት ደቅቃና ልማ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ሆናለች። ጥሩ የእጅ ሥራ አሳየኝ የሚለኝ ሰው ቢኖር ጥለትም የብር ጌጥም አላመጣለትም። እዚህ ድረስ አምጥቼ በዚህች መንገድ አስሮጠዋለሁ።

ጅቡቲ የመጣሁት ለሥራ ነው። የትራንዚት ቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ከወደቡ ወደ ኢትዮጵያ ለሚገባ ዕቃ ወረቀት ሳስጨርስ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። እዚህ ከተማ ለሚሮጥ ሰው ቀኑ ጠባብ ነው። በሙቀቱ ወራት ኻምሲን የሚሉት ነፋስ ከምድረ በዳው ሲነሳ፣ ከምጣድ ሥር እንደሚወጣ ወላፈን ፊት ይገርፋል፤ ንጋት እንኳ አይታመንም። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን አየሩ ይታረቃል። ያን ጊዜ ዓርብ ዓርብ፣ ቢሮ ዝግ ስለሆነ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ከጓደኛዬ ጋር ተነስተን በእሱ መኪና ባልባላን አልፈን ወደ ኮረብታው እንወጣለን። ሆልሆል በሐዲዱ ሲለካ ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ትንሽ ቀደም ብለን መኪናዋን እናቆምና ጎሕ ሲቀድ መሮጥ እንጀምራለን።

ያደግኩት ደብረ ሲና ነው። ጣርማበርን የሚያውቅ ሰው ምን ዓይነት አገር እንደሆነ አይነገረውም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው ያወጡት ዋሻ ከበላያችን ነው፤ የመኪናው መንገድ ከዋሻው ወጥቶ እየተጠማዘዘ ወደ ከተማችን ይወርዳል። እኛ ልጆች የምንወርደው በአቋራጭ ነበር። አውቶቡሱ አንዱን ጠመዝማዛ ዞሮ ሳይጨርስ ታችኛው መንገድ ላይ ቆመን እንጠብቀዋለን፤ እጃችንን እናውለበልብለትና ደግሞ እንሮጣለን። በዚያ ዕድሜዬ መሐንዲሶቹ ሞኞች ይመስሉኝ ነበር። ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምን? ገደሉ እዚሁ፣ ከተማው እዚያው!

የመንገድን ሥራ ማክበር የጀመርኩት ጉልበቴ ሲያረጅ ነው። አቋራጭ ርቀትን ያሳጥራል እንጂ አቀበቱን አያሳጥርም፤ ሁለት መቶ ሜትር መውጣት ካለብህ በየትም ዙር ሁለት መቶ ሜትር ትወጣለህ። የመንገድ ቀያሽ ጥበቡ ያለው ያንን ከፍታ ለስንት ርቀት እንደሚያካፍለው በማወቅ ላይ ነው። ብዙ ካበዛው መንገዱ ያሰለቻል፣ ገንዘብም ይበላል። ካሳነሰው ደግሞ እግር ይከዳል፣ ሞተርም ይታፈናል።

የጅቡቲውን መስመር የቀየሱት ሰዎች ደግሞ ከመኪና መንገድ ሠሪ ይልቅ እጃቸው የታሰረ ነበር። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል፤ አቀበቱ ትንሽ ከበዛ ባቡሩ ጎማውን በከንቱ እያሽከረከረ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ አቀበቱ የግድ በማንኪያ ተመጥኖ መሰጠት ነበረበት። ከጅቡቲ እስከ አሊ ሳቢህ ሐዲዱ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ አሊ ሳቢህ ከባሕር ጠለል በላይ ከ700 ሜትር በላይ ነው። ሲካፈል በ1,000 ሜትር ጉዞ 8 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። እርግጥ እኩል አልተከፋፈለም፤ ባሕሩ ዳር ለጥ ያለ ሜዳ አለ፣ ኮረብታው ውስጥ ሲገባ ይጨምራል። ቢሆንም አንድ ሙሉ ኪሎ ሜትር ሮጦ ከሁለት ፎቅ ተኩል የማይበልጥ ደረጃ እንደመውጣት ነው። ትንፋሽህ ሲጨምር አይሰማህም። ወደ ኋላ ዞር ብለህ ስታይ ብቻ ሜዳው ከእግርህ ሥር ርቆ፣ ከዚያ ወዲያ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ እንደ ቢላ ጠርዝ ሲያበራ ታገኘዋለህ።

መስመሩን ያስጀመረውን ፈቃድ ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲሳቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ ፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔም የነገሩ ተካፋይ ነበር። ሥራው ከጅቡቲ የተነሳው በ1897 ነው። ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ሲሆን ርቀቱ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917። የታሪክ መጻሕፍት ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ገንዘቡና በመንግሥታት መካከል ስለነበረው ሽኩቻ ብዙ ጽፈዋል። እኔን የሚይዘኝ ግን የመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ውሃ የለም፣ ጥላ የለም፣ ምድሩ ቀዝቅዞ የደረቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። መስመሩ ገና ከባሕሩ ዳር እንደተነሳ ሁለት ታላላቅ ድልድዮች ያስፈልጉት ነበር፤ አንዱ ሸበሌ ላይ፣ ሌላው ሆልሆል ላይ። ድንጋዩን የፈለጡት፣ አፈሩን የተሸከሙት ሶማሌዎች፣ አፋሮች፣ ከየመን የተሻገሩ ዐረቦችና ኢትዮጵያውያን ናቸው። ፈቃዱን የፈረሙት ሰዎች ስም ታውቋል፤ የእነዚህ ስም በየትኛውም ድንጋይ ላይ አልተቀረጸም። እጃቸው ግን ይታያል፤ እሱን ነው በየሳምንቱ ሄጄ የማየው።

መጀመሪያ ሐዲዱ የሚጠመዘዝበትን ዞር ላሳያችሁ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነው። ዛሬ ከነጋድ ጣቢያ የሚነሳው አዲሱ ባቡር ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ ከግማሽ ሜትር ያነሰ ቢሆንም በኮረብታ አገር ብዙ ነገር ይለውጣል። ጠባብ ሐዲድ ጠበብ ያለ ዞር ይችላል። ጠበብ ያለ ዞር የሚችል መስመር ኮረብታውን መሰንጠቅ አያስፈልገውም፤ በጎኑ ይዞረዋል። ስለዚህ አሮጌው መስመር እንደ መቀነት ነው፤ የኮረብታውን ወገብ ይዞ ይጠመጠማል፣ ወደ ሸለቆው ገባ ይላል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ሌላውን ይይዛል። የፍየል እረኛ ፍየሎቹን ሳያደክም ሊያሻግር ቢፈልግ የሚመርጠው መስመር ይኸው ነው። በእርግጥ አንዳንድ ቦታ የእረኞቹ ዱካና ሐዲዱ አንድ ላይ ይሄዱና፣ ባቡሩ የማይችለው አቀበት ሲመጣ ዱካው ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ሐዲዱ ዞሮ ይመጣል፤ ከላይ ይገናኛሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንዱ ለፍየል፣ አንዱ ለብረት የተሠራ ነው።

ዞሩ ውስጥ ስትሮጥ ደግሞ አንድ ነገር እግርህ ይነግርሃል። አግዳሚዎቹ ብረቶች ባሉበት ቦታ ልብ ብለህ ብታይ፣ በዞሩ ውጭ ያለው ሐዲድ ከውስጠኛው ከፍ ብሏል። ባቡር ሲዞር ወደ ውጭ ይገፋልና፣ ያንን ግፊት እንዲመልስ ምድሩ ራሱ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ተደርጓል። ሐዲዱ በተነቀለበት ቦታ እንኳ ኮረቱ ያንን ዘንበል እንደያዘ ተቀምጧል። ሰውም ሲዞር ወደ ውስጥ ይጋደላልና፣ ለባቡር የተሰላው ስሌት ለኔ ቁርጭምጭሚት ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ከቀጥታው ወደ ዞሩ ስትገባ ዘንበሉ ድንገት አይመጣም፤ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል፣ መሃል ላይ ይሞላል፣ ስትወጣ ደግሞ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ይህን ማንም አያየውም። ተሳፋሪው ሊትሪና በሚሉት ባቡርም ሆነ በሌላው ሲሄድ ሻዩ እንዳይደፋ ያደረገው ይህ ነበር።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ፤ ምክንያቱም በዚህ አገር የመንገድ ጠላት ድርቅ ይመስላል እንጂ ውሃ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደርቆ የከረመ ወንዝ በአንድ ሌሊት ዝናብ ቤት ይዞ ይሄዳል። በ2004 እ.ኤ.አ. የአምቡሊ ወንዝ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው ፈጅቷል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ድሬዳዋ ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ባቡሩ የሚሄድበት የአፈርና የድንጋይ ሙሌት በኮረብታ ጎን እንደተሠራ ግድብ ነው፤ ከላይ የሚመጣው ውሃ መውጫ ካላገኘ ይከማቻል፣ ከዚያ ሁሉንም ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ በየቦታው ከሐዲዱ ሥር የድንጋይ ማፋሰሻ አለ።

ከእነሱ አንዷን በደንብ አውቃታለሁ። ወርጄ ተንበርክኬ አይቻታለሁ። ቁመቷ አንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍባት ያህል ነው፤ አናቷ ቅስት ነው። የቅስቷ ድንጋዮች የዚያው ኮረብታ ጥቁር ድንጋይ ናቸው፤ ይህ ድንጋይ ደግሞ ለጠራቢ አመለኛ ነው፣ በተመታበት በኩል ሳይሆን በፈለገው በኩል ይሰነጠቃል። እያንዳንዱ ድንጋይ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ብሎ ተጠርቧል፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እርስ በርሳቸው እየተጋፉ እንዲቆሙ። ፊታቸው ላይ የመሮው ጥርስ መስመር በመስመር ይታያል፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ፤ ጠራቢው አንድ ሰው ነበር፣ ቀኝ እጁን የሚያስቀድም ሰው። ከጠርዙ ዙሪያ ሁለት ጣት ያህል ቦታ ለስልሶ ተጠርቧል፣ መሃሉ ሻካራ እንደሆነ ተትቷል። ጠርዙ መግጠም ስላለበት ለፍቶበታል፤ መሃሉን ማንም ስለማይነካው ጉልበቱን አልጣለበትም። ከዚህ የበለጠ ብልህ ቁጠባ አላየሁም።

የመግቢያዋ ወለል ደግሞ በድንጋይ ተነጥፏል። ድንጋዮቹ እንደ ዓሣ ቅርፊት ናቸው፤ የላይኛው ጫፉን በታችኛው ላይ ደርቦ፣ ውሃው ሥራቸውን ፈልፍሎ እንዳያነሳቸው ወደ መውረጃው ተጋድመዋል። ይህ ሁሉ ሥራ የተሠራው በመቶ ዓመት ውስጥ ምናልባት ለጥቂት መቶ ሰዓታት ብቻ ለሚፈስ ውሃ ነው። ከላይ በባቡር የሚያልፍ ሰው ደግሞ መኖሯን አያውቅም።

በዚህች ማፋሰሻ ላይ ዓይኔን የከፈተው ጣሊያን ነው ብል አላጋነንኩም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ሊቮርኖ ወደብ ሄጄ ነበር፤ ሁለት ቀን ሲተርፈኝ በባቡር ወደ ሲየና ኮረብታዎች ወጣሁ። ነጭ ጠጠር የለበሱት የገጠር መንገዶች ወይኑንና ወይራውን እየከፈሉ ከመንደር መንደር ይሄዳሉ። አሥራ አራት ማማ ባለው ግንብ የታጠረችው ሞንቴሪጆኒ አጠገብ የሚያልፈው የድሮ ተሳላሚዎች መንገድ ወደ ሮም የሚወስደው ነው። ዛፎችና ድንጋዮች ላይ ቀይና ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ከ1863 ጀምሮ ያለው የጣሊያን የተራራ ክበብ አባላት ናቸው እያደሱ የሚቀቡት። ነጮቹ መንገዶች አስፋልት ሊበላቸው ሲቃረብ፣ በ1997 አሮጌ ብስክሌት የሚወዱ ሰዎች ተነስተው በእነዚሁ መንገዶች ላይ ጉዞ ጀመሩ፤ መንገዱን ለማዳን ተብሎ የተጀመረ የብስክሌት ጉዞ ነው፣ ዛሬም አለ።

ውበቱን ሁሉም ያወራል፤ እኔ የማስታውሰው ግን አንድ አቀበት ነው። ድሮ በቅሎ ለሚጫንበት የተሠራ መንገድ ነበር፤ በየሁለት እርምጃው በመንገዱ ላይ አግድም የተቀመጠ የድንጋይ ጠርዝ አለ፣ በጠርዝና በጠርዝ መካከል ያለው ደግሞ ዘንበል ያለ ንጣፍ ነው። ደረጃ ነው እንዳትል ይረዝማል፤ አቀበት ነው እንዳትል ጠርዝ አለው። የበቅሎ እርምጃ ተለክቶ ነው የተሠራው። ጠርዙ ደግሞ ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም፤ ወደ አንድ ጎን ሰያፍ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው መንገዱን ሳይቆርጥ ወደ ዳር እንዲወጣ። አንድ ድንጋይ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ በቅሎውን ያቆማል፣ ውሃውን ያባርራል። እዚያ ላይ ሦስት ጊዜ ወርጄ ሦስት ጊዜ ወጣሁ። ማይክል አንጄሎ ሮም ላይ ወደ ካምፒዶሊዮ ኮረብታ የሚያስወጣውን ሰፊ መወጣጫ የነደፈው በዚሁ ስልት ነው፤ የሮሙ የ1960 ኦሊምፒክ ማራቶን ደግሞ የተነሳው ከዚያው ከካምፒዶሊዮ ነው። አበበ ቢቂላ ባዶ እግሩን በቪያ አፒያ ጥንታዊ መንገድ በችቦ ብርሃን እየሮጠ መጥቶ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያበቃ፣ የመንገዱን ዝርዝር የሚያውቅ ሰው ስለ እግሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ድንጋዩም ያስባል። አፒያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ዓመት የተጀመረ መንገድ ነው፤ ጥንታዊ ንጣፉ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። የጅቡቲ ኮረብታ ድንጋይ ዘመድ መሆኑ ነው።

ከዚያ ጉዞ ስመለስ የሆልሆልን መንገድ በሌላ ዓይን አየሁት። እስከዚያ ድረስ ከሐዲዱ ጎን ያለችው ቀጭን መንገድ በራሷ የወጣች ነበር የሚመስለኝ። ማን እንዳወጣት የነገሩኝ በምድር ባቡር ሐዲድ ጥገና ላይ ያገለገሉ፣ አሁን ልጃቸው ዘንድ ጅቡቲ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቡና ስንጠጣ፣

«ጋሼ፣ ያቺን መንገድ ፍየሎች ናቸው ያወጧት?» አልኳቸው።

«የምን ፍየል ነው የምትለኝ ልጄ!» አሉኝ፤ ስኒያቸውን አስቀምጠው። «እኛ ነን። በየቀኑ እንሄድባታለን። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፤ ዓይናችን ሐዲዱ ላይ፣ መዶሻ በእጃችን። ብሎኑን መታ እናደርገዋለን፤ ጠበቅ ያለው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የላላው ይንተባተባል። እግራችንን የት እንደምናሳርፍ አናይም ነበር እኮ፤ ስለዚህ ስንመለስ የሚያደናቅፈንን ድንጋይ እያነሳን ወደ ዳር እንጥላለን። አንድ ቀን አንድ ድንጋይ፣ አንድ ቀን አንድ ድንጋይ። እንዲህ ነው የወጣችው።»

ይህን ከሰማሁ ጀምሮ መንገዷ ላይ ስሮጥ ዳርና ዳሩን አያለሁ። እውነት ነው፤ የተወረወሩት ድንጋዮች በሁለቱም ወገን ቀጭን ካብ ሆነዋል። ማንም ካብ ልሥራ ብሎ የሠራው አይደለም። ዓይናቸው ሐዲዱ ላይ የነበረ ሰዎች ናቸው የሠሩት፤ ለዚህም ነው መንገዷ ዓይንን ከእግር ማንሳት የምታስችለው።

ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። በእነዚሁ ኮረብታዎች የአገሬ ልጆች በእግራቸው ያልፋሉ፤ ከድንበሩ ተነስተው ወደ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን። አንድ ጊዜ በማለዳ አራት ወጣቶች በዚህችው ቀጭን መንገድ መጡብን፤ አንዱ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ውሃ ይዞ ነበር። በአማርኛ ሰላም ስንላቸው ደነገጡ። ያለንን ውሃና ቴምር ሰጠናቸው፤ ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቅናቸውም፣ እነሱም ለምን እንደምንሮጥ አልጠየቁንም። መንገዷ ለእነሱም እግር ለስላሳ እንደነበረች አውቃለሁ።

የሆልሆል ድልድይ ሁልጊዜ በስተመጨረሻ ነው የሚመጣው። ኮረብታው ድንገት ይከፈትና ሸለቆው ከእግርህ ሥር ይወድቃል፤ መቀነቱ እዚህ ላይ መዞር አልቻለም፤ መሻገር ነበረበት። ርዝመቱ 138 ሜትር፣ ከፍታው ደግሞ 29 ሜትር ያህል ነው። የሸበሌው ይረዝማል፣ ግን ዝቅ ያለ ነው። እኔ በላዩ አልሮጥም፤ እንዲያ የሚያደርጉትንም አላበረታታም። በጎን ባለው ዱካ ወደ ሸለቆው ወርደን ከሥሩ እንቆማለን፤ ድልድይ የሚታየው ከሥሩ ነው።

ከሩቅ ሲያዩት ዳንቴል ነው። ቀጫጭን ብረቶች ተጠላልፈው ሰማዩን በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ከፋፍለውታል። ሦስት ማዕዘን ማለት የማይታጠፍ ቅርጽ ነው፤ አራት ማዕዘን በጥግ ቢገፉት ይጋደላል፣ ሦስት ማዕዘን ግን ብረቱ ካልተሰበረ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ መሐንዲሱ ወፍራም ብረት አልፈለገም፤ ቀጭኑን በሦስት በሦስት አሰረው። ይህ ደግሞ የቁንጅና ጉዳይ አልነበረም። ብረቱ በመርከብ ከአውሮፓ መጥቶ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ወርዶ፣ ገና እየተሠራ ባለው በራሱ ሐዲድ ላይ ነው እዚህ የደረሰው፤ እያንዳንዱ ኪሎ ዋጋ አለው። ቁጠባው ነው ውበት የሆነው።

ቀረብ ሲሉ ደግሞ ሪቬት የሚባሉት ምስማሮች ይታያሉ። በዚያ ዘመን ብረትን ከብረት የሚያያይዘው ብየዳ አልነበረም። ምስማሩ በከሰል ፍም ቀይ እስኪሆን ይግላል፤ አንዱ በጉጠት አንስቶ ያቀብላል፣ ሌላው ቀዳዳው ውስጥ ይሰካል፣ አንዱ ከኋላ ደግፎ ይይዛል፣ አንዱ ከፊት በመዶሻ አናቱን ክብ እስኪሆን ይቀጠቅጣል። ሲቀዘቅዝ ብረቱ ይኮማተርና ሁለቱን ሳንቃ ጭምቅ አድርጎ ይይዛቸዋል። የሚሠራው ሰው የሙቀቱን ልክ የሚያውቀው በቀለሙ ነው። ሳስበው የሚከብደኝ ጥላ በሌለው ሸለቆ፣ ምድሩ ራሱ በሚግልበት ቀን፣ ከፍም አጠገብ ቆመው መሥራታቸው ነው። አንድ ቦታ ላይ ጣቴን አሳርፌ አሥራ ሁለት ሪቬት ቆጠርኩ፤ አሥራ አንዱ ክብ አናታቸው አንድ ዓይነት ነው፣ አንደኛው ትንሽ ወደ ጎን ጠፍጥፏል። መዶሻው ስቶ ይሁን፣ ምስማሩ ቀዝቅዞበት ይሁን፣ ደክሞት ይሁን። እሱም ግን እንደ ሌሎቹ ይዟል።

ጓደኛዬ ሁልጊዜ እዚህ ሲደርስ ስለ ሁሴን አሕመድ ሳላህ ያነሳል፤ ጅቡቲያዊ ነውና ይገባዋል። ሳላህ የተወለደው ከዚሁ መስመር ላይ፣ አሊ ሳቢህ ነው። በ1985 ሂሮሺማ ላይ የዓለም ዋንጫ ማራቶንን በ2:08:09 አሸነፈ፤ በ1987 በሮም የዓለም ሻምፒዮና ብር አገኘ፤ በ1988 ሴኡል ኦሊምፒክ ላይ ደግሞ ጣሊያናዊው ጄሊንዶ ቦርዲን ወርቅ ሲወስድ ሳላህ ነሐስ ወሰደ፤ የጅቡቲ የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሮተርዳም፣ የኛው በላይነህ ዲንሳሞ 2:06:50 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ከኋላው በ17 ሰከንድ ብቻ ተከትሎት የገባው ሳላህ ነበር። በዚህ ጉዳይ እኔና ጓደኛዬ ለዓመታት ተከራክረናል፤ እሱ «አንድ ኪሎ ሜትር ቢጨመር» ይላል፣ እኔ «አልተጨመረም» እላለሁ። ሳላህ በዚህች ቀጭን መንገድ ሮጦ ያውቅ እንደሆን አላውቅም፤ ግን አሊ ሳቢህ ያደገ ልጅ ባቡር ሲያልፍ አብሮ ያልሮጠ እንደሆነ ይገርመኛል።

ባቡር ካለፈበት ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር በጥር 2017 እ.ኤ.አ. በጅቡቲ በኩል ሲመረቅ ነጋድ ድረስ ሄጄ አይቻለሁ፤ ታላቅ ሥራ ነው፤ ቢሯችን የሚኖረውም በእሱ ነው። የአሮጌው ሐዲድ ግን አንዳንድ ቦታ ተነቅሏል፣ አንዳንድ ቦታ አሸዋ ውጦታል። ቀጭኗ መንገድ እስካሁን አለች። ሰውና ፍየል ስለሚሄድባት ነው ያለችው።

ባለፈው ጥር ስለዚያች ማፋሰሻ ለሽማግሌው ነገርኳቸው፤ ስለ መሮው ጥርስ፣ ስለ ወለሉ ንጣፍ፣ ስለ ቅስቱ። ሲሰሙኝ ቆይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«አፏ ክፍት ነው?»

አላስተዋልኩም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ድንጋዩን ሳይ ቆይቼ አፏ ክፍት ይሁን ዝግ መልስ አልነበረኝም።

በሚቀጥለው ዓርብ በጓደኛዬ መኪና ኋላ አካፋ ጭነን ሄድን። በላይኛው በኩል ያለው አፏ ግማሹ ተደፍኗል፤ የግራር እሾህ፣ ከላይ የወረደ ጠጠር፣ ብዙ ፌስታል፣ አንድ የተቀደደ ጫማ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ስንጨርስ ጓደኛዬ በአንዱ በኩል ተኝቶ ወደ ውስጥ ተመለከተ፣ እኔ በሌላው በኩል፤ በጥቁሩ ቅስት ውስጥ ፊቱን አየሁት። ከዚያ አካፋውን ዳር አስቀምጠን ወደ ድልድዩ መሮጥ ጀመርን።